የሚያሳፍረኝን እንዴት ልዝፈነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ የሚጠይቁት ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ሰው ፊት የምሸፍነውን ጉድለቴን በግጥምና በዜማ ላውጣው ብል ከየት ልጀምር? ስም አልጠቀስንም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ፤ 21 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ክራር እጫወታለሁ፤ ስዘፍን ቃል አይይዘኝም። ስለመንተባተቤ ዘፈን ልጽፍ ስቀመጥ ግን የሚወጣው «ልቤ ቆሰለ፣ ዓለም ጨለመብኝ» ብቻ ነው። መልሼ ሳነበው የእኔ አይመስለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ልቤ ቆሰለ» ያንተ ያልመሰለህ የማንም ስለሆነ ነው። የተከዳም ይለዋል፣ ስልኩ የተሰረቀበትም ይለዋል። ያንተ የሆነው ሌላ ነው፦ ባጃጅ ውስጥ መውረጃህ ደርሶ «ወራጅ አለ» ልትል ስትል «ወ» ላይ ተይዘህ፣ ሳትወርድ ያለፍከው መንገድ። ወይም ስም ሲጠራ «አቤት» እስክትል የቆየህባት ሦስት ሰከንድ። እኛ እየገመትን ነው፤ አንተ ግን ታውቀዋለህ። ዘፈኑ ያለው እዚያ ነው።

ወደዚያ ለመድረስ አራት ቀን በተከታታይ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ስለዚሁ ጉዳይ በእጅህ ጻፍ። ቤት አይምታ፣ ነጥብና ሰረዝ አይኑረው፣ እስክሪብቶው ብቻ አይቁም። የምትጽፈው ሲያልቅብህ «የምጽፈው አለቀ» ብለህ ጻፍና ቀጥል። ቁጥሩን ከራሳችን አላወጣነውም፤ ጄምስ ፔንቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ያስጻፈው በዚሁ ልክ ነበር። ከጥናቱ ለግጥም ጸሐፊ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ስለ ከባድ ገጠመኛቸው የጻፉት ተማሪዎች ጽፈው ሲነሡ ወዲያው ከፍቷቸው ነበር፤ ጥቅሙ የታየው በቀጣዮቹ ወራት፣ ወደ ጤና ክሊኒክ መመላለሳቸው ሲቀንስ ነው። ስለዚህ ከጻፍክ በኋላ ቢከፋህ ተበላሸ ብለህ ወረቀቱን አትቅደድ። ከመኝታ በፊት ግን አትጻፍ፤ ጽፈህ ስትነሣ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ ብለህ የምትመለስበት ሰዓት ይሁን።

በአምስተኛው ቀን ቀይ እስክሪብቶ አንሣ። ልብ፣ ሕይወት፣ ዓለም፣ ጨለማ፣ እንባ፣ ቁስል የሚሉ ቃላት ያሉበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሰርዝ። ከቀረው ውስጥ በዓይን የሚታየውን፣ በጆሮ የሚሰማውን፣ በእጅ የሚዳሰሰውን አስምርበት። አሥር መሥመር ከተረፈህ ጥሩ ነው። ከእነዚያ ደግሞ አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ያለውን ብቻ ምረጥ። ባጃጁን ከመረጥክ የስም ጥሪውን ተወው፤ ሁለቱንም ካስገባህ ዘፈኑ አቤቱታ ይሆንብሃል።

አሁን ወደ ስንኝ። ለጀማሪ የሚስማማው የወል ቤት ነው፦ አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም (ሲነገር በጆሮ የሚቆጠር የድምፅ ክፍል)። ለምሳሌ፦

ስሜን ሲጠይቁኝ አፌ በር ይዘጋል፣
ክራሬን ስነካው ቃሌ ይዘረጋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ፊደል ስለሚቆጥር ነው። «ስሜን ሲጠይቁኝ» ስምንት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ስ–ሜን–ሲ–ጠይ–ይ–ቁኝ፣ ስድስት። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይቆጠራል፣ አንዳንዴ ከፊቱ ያለው ይውጠዋል፤ የሚለየው ጆሮ እንጂ ወረቀት አይደለም። እያጨበጨብክ በለው። «ክራሬን» የሚለውን ቸኩለህ «ክ»ን ከ«ራ» ጋር ካጣበቅከው ሐረጉ አምስት ይሆንና ያነክሳል። ቤቱን ደግሞ ተመልከት፦ «ዘጋል» እና «ረጋል» የሚመቱት በ«ጋል» ነው። በመጨረሻዋ «ል» ብቻ ብትመታ፣ «ይዘጋል» ከ«ይመጣል» ጋር ቢሄድም ጆሮ ላይ ይላላል።

አራት አራት ስንኝ ያላቸው ሦስት አንጓዎችና ሁለት ስንኝ አዝማች ለአንድ ዘፈን ይበቃሉ። ሦስተኛው አንጓ ላይ «አሁን ግን ድኛለሁ» የሚል እንዳታስገባ አደራ። ካልዳንክ ውሸት ነው፤ ከዳንክ ደግሞ ሌላ ዘፈን ነው።

ስትዘፍን ስለማትያዝበት ጉዳይ፦ ይህ የብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች ልምድ ነው። ምቱ ቀድሞ ይታወቃል፣ ድምፁ ይረዝማል፣ ቃሉም ተሸምድዶ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ፈውስ አይደለም፤ በሁለት ዘፈን መካከል «አመሰግናለሁ» ስትል ልትያዝ ትችላለህ። ክራሩን ዝቅ አድርገህ እየደረደርክ፣ በምቱ ላይ ተናገር። መንተባተቡን ራሱን በዜማው ውስጥ ማስገባት ከፈለግህ «ወ… ወ… ወ… ወራጅ» የሚለውን በሦስት ምት ላይ ሦስት ጊዜ፣ ቃሉን በአራተኛው ምት ላይ አስቀምጥና በየአዝማቹ ሳታዛንፍ ድገመው። አንዴ ብቻ ከመጣ አድማጭ የምር ተያዘ ብሎ ይጨነቃል።

ጥያቄ፦ ሺምብጥ ነው የምኖረው። በእጆቼና በአፌ ዙሪያ ለምጽ አለብኝ፤ በሙቀትም ረጅም እጅጌ ነው የምለብሰው። ግጥም እሞክራለሁ። በግልጽ ብጽፈው እናቴ «ገመናሽን አደባባይ አወጣሽ» ትለኛለች። በሰምና ወርቅ ብጽፈው ደግሞ ማንም አይገባውም። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እህታችን፣ ከቃሉ እንጀምር፤ ግማሹ ሥራ እዚያ ነው። ለምጽ የሚመጣው የሰውነት የራሱ መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን «ለምጽ» ከሰፈር የሚያስወጣ የሌላ ደዌ ስም ነው። አድማጭሽ ቃሉን ሲሰማ ሁለቱን አደባልቆ ነው የሚሰማው። እንግዲህ አንቺ ኅብር (ሰሙንም ወርቁንም የሚይዝ ባለ ሁለት ትርጉም ቃል) ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብሽም፤ ቃሉ ራሱ ኅብር ሆኖ ተቀምጧል። «ከሰፈር ውጪ» የሚለውን የጥንቱን ፍርድ በሰም፣ ያንቺን ረጅም እጅጌ በወርቅ ብታደርጊው አንድ አንጓ ይወጣዋል።

ሰምና ወርቅ መሸሸጊያ ሲሆን ይበላሻል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች፣ በዋሸራም በጎንጅም፣ ተማሪው የሚጀምረው ጉባኤ ቃና በተባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ነው፤ አንቺም በሁለት ስንኝ ጀምሪ። እንዲህ ያለ ነገር፦

ጤናሽ እንዴት ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ፣
ጣናን አቋርጬ አባይ ሆኜ አለሁ።

ሰሙ የምናውቀው ወሬ ነው፦ ግልገል ዓባይ በደቡብ ምዕራብ ወደ ጣና ይገባል፣ ዓባይ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል፣ የዳርቻው ሰውም ወንዙ ከሐይቁ ሳይቀላቀል ያቋርጣል ይላል። «አባይ» ውሸታምም ማለት ነውና ወርቁ ደግሞ «ዋሾ ሆኛለሁ» ነው፤ ደህና ሳልሆን ደህና ነኝ እላለሁና። ይህ የሚሠራው በሦስት ምክንያት ነው። ሰሙ ለብቻው ቢቀር እንኳ ትርጉም አለው። የወርቁ ቁልፍ («ደህና ነኝ እላለሁ») ከኅብሩ በፊት፣ በቅርብ ተቀምጧል። በሁለቱ ስንኝ ውስጥም ኅብሩ አንድ ብቻ ነው። በየሐረጉ ኅብር ከደረደርሽ አድማጭ እንቆቅልሽ ሲፈታ ዘፈኑ ያልቅበታል። (በወረቀት ስትጽፊው ደግሞ በ«ዓ» ከሆነ ወንዙ፣ በ«አ» ከሆነ ዋሾው ቀድሞ ይታያል። እኛ በ«አ» ጻፍነው፤ ወርቁን ትንሽ አጋልጠናል። ለሚዘፈን ግጥም ግን ፊደሉ ለውጥ የለውም፤ አፍ ላይ አንድ ነው።)

መመዘኛው ቀላል ነው። ጉዳይሽን ለማያውቅ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አሰሚው። በሁለተኛው ካልገባው ቁልፉን አቅርቢ፤ በመጀመሪያው ከገባው ደግሞ ሰሙ ሳስቷልና አወፍሪው። የእኛ ምርጫ ቅልቅሉ ነው፦ አንጓዎቹ በሰምና ወርቅ፣ አዝማቹ በግልጽ። አዝማቹ ላይ «ለምጽ» የሚለው ቃል ራሱ ቢነገር የተሻለ ነው፤ ስሙ ያልተጠራ ነገር ከነፍርሃቱ ይቆያል።

እናትሽን በተመለከተ፣ ገመና የሚለው ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ያንቺ ቆዳ ያንቺ ነው፤ እናትሽ ስለ ቆዳሽ የተናገረችው፣ ጠበል ለጠበል ያዞረችሽ ካለ፣ የእሷም ታሪክ ነው። ግጥሙን ስንኝ በስንኝ ተመልከችና እሷ የምትታወቅበትን ነጥለሽ አውጪ። ያንን ክፍል ሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ያለ ሙዚቃ አንብቢላት። አይሆንም ካለች ያ ስንኝ ይወጣል፤ ዘፈኑ ግን ይቀራል።

ጥያቄ፦ የ63 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ዘጌ ነው። ተማሪዎቼ የትም ደርሰዋል፣ እኔ ከጠመኔ ጋር እዚያው ቀረሁ የሚል ስሜት አንዳንዴ ያድርብኛል። በእንጉርጉሮ ላውጣው ብዬ ጥቂት ስንኞች ጽፌአለሁ። ድምፄ ግን ሻክሯል፤ ለልጆቼም ማሰማት አፍራለሁ። በዚህ ዕድሜ ይሆናል ትላላችሁ?

መልስ፦ መምህር፣ እንጉርጉሮ ከጥንትም የመድረክ ድምፅ ጠይቆ አያውቅም። ሴቶች ወፍጮ ላይ ሆነው፣ እረኛ ከብት ኋላ ሆኖ፣ ለራሱ የሚለው ነው። የሻከረ ድምፅ ለዚህ ዓይነት ግጥም እንዲያውም ይመቻል፤ የሚያስቸግረው መሻከሩ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከፍ ካለ ቦታ መጀመር ነው።

ቦታውን እንዲህ ያግኙት። ግማሽ ሰዓት ያህል ካወሩ በኋላ፣ ድምፅዎ ሲሟሟቅ፣ የመጀመሪያውን ስንኝ ለጎረቤት እንደሚያወሩ አድርገው ይበሉት። በስንኙ መጨረሻ ድምፅዎ የሚያርፍበት ቦታ መነሻዎ ነው፤ ክራር ወይም ማሲንቆ ካለ በዚያ ላይ ይቃኝ። ዜማዎ ከዚያ መነሻ ወደ ላይ ከአምስት ድምፅ አይለፍ። ረጅሙን ድምፅ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ያስቀምጡት፤ ከፍተኛውን ድምፅ አጭር ያድርጉትና ቶሎ ይውረዱ። ሲደክምዎ በሹክሹክታ መለማመድ ማረፍ ይመስላል፤ ግን ጉሮሮን ያደክማል። ዝም ማለትና ውኃ ይሻላል። ሻካራነቱ በቅርቡ የመጣና ከሦስት ሳምንት ያለፈ ከሆነ ግን ጉዳዩ የዘፈን አይደለም፤ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ለልጆችዎ ፊት ለፊት ከማሰማት በስልክ ቀርጾ መስጠት ይቀልዎት ይሆናል። ማለዳ ይቅረጹ፤ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስና የጀልባ ሞተር አብሮ ይገባል። ስልኩን ከአፍዎ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ያርቁት፣ ትንሽም ወደ ጎን ያድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» ሲሉ ትንፋሹ ይፈነዳበታል። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ አልጋና የተሰቀለ ጋቢ ያለበት ክፍል ይበልጣል።

ስለ ግጥሙ አንድ ቃል፦ «ተማሪዎቼ የትም ደርሰዋል» የሚለውን ወደ አንድ ተማሪ ያጥቡት፤ ስሙን ሳይጠቅሱ፣ የተቀመጠበትን ወንበር ብቻ።

ጥያቄ፦ ዓባይ ማዶ ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ52 ነው፣ ወንድ ነኝ፣ ስቀለድበት ኖሬአለሁ። ስለዚሁ ጻፍኩ። ባለ ስድስት አውታር ክራር አለኝ፤ በትዝታ ቅኝት ስጫወተው ግን ሁሉ ነገር ለቅሶ ይሆንብኛል። ራሴን የምቀብርበት ዘፈን አልፈልግም።

መልስ፦ ክራርህን የቃኘኸው በትዝታ ማይነር ሳይሆን አይቀርም፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ግማሽ ዝቅ ያለ፣ ሶል፣ ላ ግማሽ ዝቅ ያለ። ሁለቱን አውታር፣ ሚን እና ላን፣ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ብታነሣቸው ትዝታ ሜጀር ይሆንልሃል፤ ሌላውን አትንካ። ግጥሙን ሳትለውጥ በሁለቱም ቀርጸህ አወዳድር። ያም ካልሆነ ባቲ ሜጀርን ሞክር፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አንቺ ሆዬን ለጊዜው ተወው፤ ክፍተቶቹ ለጀማሪ ጆሮ ያስቸግራሉ፣ ከቃሉ ይልቅ ቅኝቱን ስትከታተል ትውላለህ። ፍጥነቱንም ከፍ አድርገውና በችክችካ ምት ሞክረው።

ከቅኝቱ በላይ ግን ቅርጹን እንድትለውጥ እንመክርሃለን። ቀረርቶና ፉከራ የጀግና ብቻ ማን አደረጋቸው? «ረጅም የሚጎነበስበትን በር እኔ ቀጥ ብዬ እገባበታለሁ» የሚል ሐሳብ በእንጉርጉሮ ቢባል ያሳዝናል፤ ደረት ተነፍቶ በቀረርቶ ሲባል ሳቁ ያንተ ይሆናል። ልኩን ጠብቅ፦ ሁለት አንጓ ሳቅ፣ አንዱ አንጓ የምር። ሦስቱም ቀልድ ከሆነ ሲቀልዱብህ ለኖሩት አገዝካቸው ማለት ነው።

ክረምት ላይ የክራርህ ቆዳ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ድምፁም ይደፈናል። ቅኝቱን አትውቀስ፤ ከከሰል ፍም ራቅ አድርገህ አሙቀው፣ ከዚያ ቃኘው።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን የጻፍነውን እንሰማማለን። እኔ በልጅነቴ በባዶ እግሬ ትምህርት ቤት ስለመሄዴ ጻፍኩና ሳዜመው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም፤ ሌሊትም እያሰብኩት እነቃለሁ። ዘፈኑን ልተወው?

መልስ፦ መጀመሪያ የቱ ስንኝ ላይ እንደሳቁ ለይ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስንኙ ነው፦ የሚያስጨፍር ምት ላይ የተቀመጠ «ባዶ እግር» ሳቅ ያመጣል፣ ጓደኞችህ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ምቱን አዘግይ፣ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ሙዚቃውን አቁመህ ቃሉን ለብቻው በለው። በየቦታው የሚስቁ ከሆነ ግን አድማጭ ለውጥ።

«እንዴት ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ መልሱ «አሪፍ ነው» ወይም ሳቅ ነው። ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የትኛው ቃል ትዝ አለህ? የት ላይ ሐሳብህ ሄደ? ዘፋኙ ምን ፈልጎ ይመስልሃል? መልሱን ጻፍ፣ አትከራከር። ቅደም ተከተሉም ይኑረው፦ በመጀመሪያ ለስልክህ፣ ቀጥሎ ለአንድ ሰው፣ ከዚያ ለሦስት። ቲክቶክና ዩቲዩብ መጨረሻ ይሁኑ፤ ከተጠናቀቀ በኋላ አንድ ወር አስቀምጠው፣ ከወሩ በኋላም ማሰማት ከፈለግህ ልቀቀው። አንዴ ከተለቀቀ መመለሻ የለውም።

የሌሊቱ ነገር ግን ከዘፈን ይለያል። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብ ካስጠላህ ወይም መኖር ትርጉም ያጣብህ ከመሰለህ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጥና የምታምነውን ሰው ይዘህ ሆስፒታል ሂድ፤ የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ነው።

ወደ ዘፈኑ ስትመለስ አንድ የአገራችን መንገድ አለ፦ አዝማሪ ቤት ገብተህ «ተቀበል!» በል። ያንተ ስንኝ በሌላ ሰው አፍ፣ ከማሲንቆ ጋር፣ ማን እንደጻፈው በማያውቅ ሕዝብ ፊት ይዘፈናል፤ አንተ ጥግ ላይ ተቀምጠህ ፊታቸውን ታያለህ። ሁለት ስንኝ ብቻ ስጥ። ሐረግ በሐረግ ጮክ ብለህ በል፣ አዝማሪው አንዱን ተቀብሎ እስኪጨርስ ቀጣዩን ያዝ። የወል ቤት ከሆነ ያለችግር ይቀበልሃል፤ ቀለሙ ከጎደለ ወይም ከተረፈ እዚያው በአፉ አስተካክሎ ነው የሚዘፍነው፣ ስለዚህ የለወጠውን ቃል በጥሞና ስማ። ሽልማቱን ከግጥሙ በኋላ ስጥ፤ በፊት ከሰጠኸው ግጥሙን ትቶ አንተን ማወደስ ይጀምራል።